በእርጅና ለሥጋ መትጋት

በሸመገለ ዕድሜ ሥጋን ለማጠንከር በሚደረግ ትጋት ላይ ከተሰነዘሩት ነቀፋዎች አንዱና ብርቱው በፕላቶ «ሪፐብሊክ» ሦስተኛ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ሶቅራጥስ በዚያ የሚያነሣው ሄሮዲኮስ የተባለ የስፖርት አሠልጣኝ፣ የማይድን ሕመም ይዞት ሳለ የሰውነት ልምምድን ከሕክምና ጋር አዋሕዶ፣ ከለመደው ሥርዓት ጥቂት ፈቀቅ ባለ ቁጥር እየተሠቃየና ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ እስከ እርጅና የኖረ ሰው ሲሆን፣ ፈላስፋው ይህን ሞትን ማስረዘም አድርጎ ይቆጥረዋል። ነቀፋው ከጭካኔ የጸዳ አይደለም፤ ሥራ የማይችል ሰው መታከም አይገባውም ወደሚል ድምዳሜ ይገፋልና። ሆኖም ሽማግሌው ለሥጋው የሚተጋው ለምን ዓላማ ነው የሚለውን ጥያቄ ሳይመልሱ ማለፍ እንደማይቻል ያሳያል።

ሮማዊው ጸሐፊ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት በጻፈው «ስለ እርጅና» በተሰኘው ድርሰቱ፣ በ84 ዓመቱ ሮማዊ ሽማግሌ በካቶ አንደበት፣ እርጅናን እንደ በሽታ መታገልና መጠነኛ ልምምድ ማድረግ እንደሚገባ፣ መብልም ጉልበትን የሚመልስ እንጂ የሚያደክም እንዳይሆን ይመክራል። በ12ኛው መቶ ዘመን በግብፅ የኖረው አይሁዳዊ ሐኪምና ፈላስፋ ማይሞኒደስ ደግሞ «ሚሽኔ ቶራ» በተባለው የሕግ መጽሐፉ ጤናን መጠበቅን ከእግዚአብሔር መንገዶች ይቆጥረዋል፤ የታመመ ሰው ስለ ፈጣሪው በቅጡ ማሰብ ይሳነዋልና። በዚህ አስተሳሰብ ጤና መሣሪያ ነው፤ የሄሮዲኮስም ጥፋት ቢላውን ሲስል ውሎ ምንም አለመቁረጡ ነው ሊባል ይችላል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ሥጋን ማስለመድ ለጥቂት እንደሚጠቅም መናገሩ አንዳንዴ ለስንፍና ሽፋን ይሆናል፤ ንጽጽሩ ግን ከመንፈሳዊ ሕይወት ጋር ነው፤ ጥቂት ማለትም የለም ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመኑ ግንባሩን ምድር አስነክቶ የሚነሣበት ስግደትና በመቋሚያ ተደግፎ ለረጅም ሰዓት የሚቆምበት ማሕሌት፣ እንዲሁም በእስልምና በቀን በአምስቱ የግዴታ ሶላቶች የሚፈጸሙት 34 ሱጁዶች፣ ጸሎት ራሱ ጉልበትና ወገብ እንደሚጠይቅ ያስረዳሉ። ዓላማቸው የሰውነት ማጎልመሻ ባይሆንም፣ ጉልበቱ የከዳው ሰው ከሚያጣቸው ነገሮች የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

ይህ ማጣት ግን ሙሉ በሙሉ የዕድሜ ሥራ አይደለም። ከዕድሜ ጋር የጡንቻ መጠንና ኃይል ቀስ በቀስ መመናመን፣ ሳርኮፔኒያ የሚባለው፣ እንቅስቃሴ በማጣት ይፋጠናል፤ በልምምድም በከፊል ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 90 ዓመት ገደማ ከሆኑ 10 ደካማ የመጦሪያ ነዋሪዎች መካከል ለ8 ሳምንት ክብደት የማንሣት ልምምድ የፈጸሙት የ9ኙ የእግር ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨምሯል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 እ.ኤ.አ. መመሪያው 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክርና ሦስት ቀን ሚዛን መጠበቅን የሚያካትት ልምምድ እንዲያደርጉ ይመክራል።

እንዲህ ከሆነ በኢትዮጵያውያን ቤት ክብር የሚገለጥበት መንገድ ሊጤን ይገባዋል። ልጆች ለአረጋዊ ወላጅ ውኃ ይቀዳሉ፣ ዕቃ ይቀበላሉ፣ ገበያም ይላላካሉ፤ ወላጅ ልነሣ ሲል «አርፈው ይቀመጡ» ይሉታል፤ ይህም ከፍቅር የመነጨ ሆኖ ሳለ፣ የሚያከብሩትን ሰው ጉልበት በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይወስድበታል። አባትና እናትን የማክበር ትእዛዝ ሸክም ማቅለልን ቢያካትትም፣ የሚችሉትን ሥራ መንጠቅን አያካትትም።

ትጋቱ ግዴታ ነው ሲባል ያልቻለውን ሰው መክሰስ እንዳይሆን ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ከጾምና ከስግደት ታሳርፋለች፤ በእስልምናም መቆም ያቃተው ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያቃተው ተኝቶ ይሰግዳል፤ በሁለቱም ሃይማኖቶች የሚጠየቀው በእያንዳንዱ ሰው አቅም ልክ ነው። ስለዚህ በዱላ ተደግፎ ጓሮውን የሚዞር ሽማግሌ ከሯጩ ያነሰ አልሠራም፤ ቤተሰቡም ሊያግዘው የሚችለው ዱላውን በማቀበልና አብሮት በመዞር ነው።