«የት ደረሰ?»

ስለ ድሮ የክፍል ጓደኛ ሲወራ፣ «ደህና ነው ወይ?» ከሚለው «የት ደረሰ?» የሚለው ይቀድማል። መልሱም አጭር ነው፦ «አሜሪካ ገባ»፣ «ዶክተር ሆነች»፣ «እዚያው ቀረች»። መቅረት እንደ ጥፋት ይቆጠራል።

ሆኖም በአንድ ዴስክ የተቀመጡትን የለያያቸው ትጋት ብቻ አይደለም። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሌላው ሁሉ ሰነፍ ነበር ሊባል ነው? አንዱን የዲቪ ዕጣ አሻገረው፤ አንዷ የታመሙ እናቷን ልታስታምም ቀረች። እሱ «ደረሰ» ይባላል፤ እሷ ግን ለእናቷ ደረሰችላቸው።

አማርኛ ለሁለቱም አንድ ግስ አለው፤ ጠያቂው የሚቆጥረው አንዱን ብቻ ነው። እሷ ስልክ የማታነሳውም ጓደኞቿን ረስታ ሳይሆን፣ የእሷ መድረስ እንደማይቆጠርላት ስለምታውቅ ይሆናል።