ረቂቁ ሲዳሰስ

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ፍጥረትን ግዙፍና ረቂቅ ብለው ሲከፍሉ፣ ግዙፍ ያሉት በዓይን የሚታየውን በእጅም የሚዳሰሰውን ነው፤ ረቂቅ ያሉት ደግሞ እንደ መላእክትና እንደ ነፍስ ከዓይንም ከእጅም የራቀውን ነው። ቃሉ ግን ከትርጓሜ ቤት ወጥቶ ወደ ሰፈር ከወረደ ብዙ ዘመን ሆኖታልና፣ እጅግ የደቀቀውንም ነገር፣ ለመረዳት የሚያስቸግረውንም አሳብ እኩል ረቂቅ እንላለን። በቅርቡ ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ስለ ናኖቴክኖሎጂ እንድናገር ተጠርቼ በሄድሁ ጊዜ፣ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ብድግ ብላ፣ «መምህር፣ እግዚአብሔር እንድናየው ቢፈልግ ኖሮ ትልቅ አድርጎ አይፈጥረውም ነበር?» ስትል የጠየቀችኝ፣ ከዚህ ቃል ሁለት ፊት የተነሣ ይመስለኛል።

ያን ጊዜ በሰሌዳው ላይ 1 ቢሊዮንን ከነዘጠኝ ዜሮዎቹ ጽፌ ነበር፤ አንድ ሜትር ለዚህ ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው ልክ ናኖሜትር ይባላል፤ ስሙም ድንክ ከሚለው የጽርእ ቃል የመጣ ነው። የአንዲት የራስ ጠጉር ውፍረት ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ያህል ሲሆን፣ ናኖቴክኖሎጂ የሚባለው ጥበብ የሚሠራው ግን ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ባለው ስፍራ ነው።

ነገሩ የትንሽነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሰዓት ጠጋኝ ሥራ ብዙም ባልተለየ ነበር። የሚያስደንቀው ነገር፣ ቁሱ ሲያንስ ጠባዩ መለወጡ ነው። በሙሽራ ጣት ላይ ቢጫ ሆኖ የሚያበራው ወርቅ፣ ምንም ባዕድ ቀለም ሳይጨመርበት፣ በአሥሮች የሚቈጠር ናኖሜትር እስኪሆን ደቅቆ በውሃ ውስጥ ሲበተን እንደ ወይን ጠጅ ይቀላል፤ ብርሃን ሲወድቅበት በቅንጣቱ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች በአንድነት እየተወዛወዙ አረንጓዴውን ብርሃን ይውጡታልና፣ ለዓይናችን የሚተርፈው ቀዩ ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ማይክል ፋራዳይ ይህን ቀይ ወርቅ አዘጋጅቶ፣ ቀለሙ ከቅንጣቶቹ መድቀቅ የመጣ ነው ሲል እ.ኤ.አ. በ1857 አስረድቷል። እንግዲህ የወርቅ ባሕርዩ የትኛው ነው? ባሕርይ የማይለወጥ ነው ብለን የተማርን ሰዎች፣ ቢጫነትን ከወርቅ ባሕርይ ቆጥረነው ኖረን፣ አሁን የብዙ ወርቅ ጉባኤ የሚያሳየው መልክ ብቻ ሆኖ ብናገኘው ማፈር አይገባንም፤ እኔ ግን ጥቂት ማፈሬን አልሸሽግም።

ይህን ቀይ ወርቅ ልጆቹ ሳያውቁት አይተውታል። በቆላ ቀበሌ ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትኩሳት የያዘውን ሕፃን ጣት ወጋ አድርጋ፣ አንዲት የደም ጠብታ በወባ መመርመሪያው ላይ ካኖረች በኋላ፣ ፈሳሹን ጠብ ጠብ አድርጋ ሩብ ሰዓት ያህል ስትጠብቅ፣ ቀስ እያለች ብቅ የምትለው ቀይ መስመር በብዙዎቹ መመርመሪያዎች የተሰበሰቡ የወርቅ ቅንጣቶች ናት። የቁም ጸሐፊውም ጥቁር ቀለም የሚሠራው ከጥቀርሻ ነው፤ የጥቀርሻ ቅንጣት ከ100 ናኖሜትር የሚያንስ ስለሆነ፣ ቅንጣቶቹ እንዳይጓጎሉ በሙጫ የሚያስማማው ባለሙያ፣ ስሙን ሳይሰማ በዚህ ጥበብ ጓሮ ሲመላለስ ኖሯል።

ምእመናን ለቅዱስ ገብርኤል በዓል ወደ ቁልቢ በሚወጡበት ዕለት፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን በካሊፎርኒያ ቆሞ፣ አቶሞችን አንድ በአንድ እያነሡ ማኖርን የሚከለክል የተፈጥሮ ሕግ እንደሌለ ተናገረ። የዕለቱ መግጠም አጋጣሚ ነው፤ ቢሆንም ረቂቁ መልአክ በሚከብርበት ቀን ስለ ሌላው ረቂቅ መነገሩ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1981 የፊዚክስ ሊቃውንቱ ቢኒግና ሮረር በዙሪክ አቅራቢያ የሠሩት፣ በ1986 የኖቤል ሽልማት ያሰጣቸው መሣሪያም፣ አቶምን የሚያውቀው በማየት አይደለም፤ የመርፌው ጫፍ ሳይነካ ተጠግቶ፣ የኤሌክትሪኩን መብዛትና ማነስ እየለካ፣ ዓይነ ስውር በበትሩ መንገዱን እንደሚያውቅ ገጹን ይዳስሳል።

ለልጅቱ የመለስሁላት ከዚህ ተነሥቼ ነው። በመርፌ የሚዳሰስ ነገር ክብደትና ስፍራ አለውና፣ ሊቃውንቱ በከፈሉት አከፋፈል ድሮም ግዙፍ ነበር፤ ወፍራም ሆኖ የከለከለን የገዛ ጣታችን ነው። ነፍስና መልአክ ላይ ግን የትኛውም መርፌ አይደርስም፤ መድቀቅ ወደ መንፈስ የሚያደርስ መሰላል አይደለምና።

አንድ ወንድ ልጅ ደግሞ በግልጽ፣ «ከዚህ ትምህርት እንጀራ ይገኛል ወይ?» አለኝ። ይገኛል። መድኃኒቱን በስብ ቅንጣት ጠቅልሎ ወደ ሕዋስ የሚያደርስ የመድኃኒት ቀማሚ፣ በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ በዝቶ የልጆችን ጥርስ የሚያበላሸውን ፍሎራይድ የሚያጣራ ቁስ የሚፈልግ ኬሚስት፣ ጨርቅና ቆዳን ውሃ እንዳያስገቡ የሚያደርግ መሐንዲስ፣ ሁሉም ከዚህ ማዕድ ይቈርሳሉ። እንዲህ ያለ ደቃቅ ነገር ሳንባ ሲገባ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚመረምር ሐኪምም ያስፈልጋል፤ ይህን ሥራ የሚመርጥ ተማሪ ማነሱ ያሳዝነኛል። ነገር ግን መሣሪያው እጅግ ውድ ነውና፣ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መጠገን የሚችል ሰው ከተመራማሪው ይልቅ ሊፈለግ እንደሚችል ሳልሸሽግ ነገርኋቸው፤ ናኖ የሚለውን ስም ከመከተል አስቀድመው ኬሚስትሪንና ሒሳብን እስከ ሥሩ እንዲቈፍሩም መከርኋቸው።

ደወሉ ተደውሎ ሁሉም ሲወጡ ያቺው ልጅ ወደ ሰሌዳው ቀርባ፣ «እንግዲያው አንዲት የወርቅ አቶም ብቻዋን ስትሆን ቀለም አላት?» አለችኝ። የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መምህር በሩ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ይመለከታሉ፤ ዳስተሩን አንሥቼ የነበርሁ ሰው መልሼ አስቀመጥሁትና፣ በዘጠኙ ዜሮ አጠገብ ጥያቄዋን ጻፍሁት።