ደብዳቤውን የምታነቡት እናንተ ናችሁ



ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ) ዓይነ ስውር ነበሩ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የቁረይሽ ታላላቆችን በሚያነጋግሩበት ሰዓት ለመማር መጡ፤ ነቢዩም ፊታቸውን ዞር አደረጉ። ሱረቱ ዐበሰ የወረደችው በዚህ ነው። ኋላ መዲና ላይ እኚሁ ሰሓባ ከቢላል (ረ.ዐ) ጋር ሙአዚን ሆኑ፤ የፈጅርን አዛን ያሰሙ ነበር። ንጋትን የማያዩ ሰው! ሰዎች መንጋቱን ይነግሯቸዋል፣ እሳቸው አዛን ይላሉ። በቃ።

አሜሪካ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ሕግ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አካል ጉዳት ወይም የመማር ችግር ላለበት ልጅ የሚስማማውን ትምህርት በነፃ እንዲሰጡ ያስገድዳል። ነገር ግን ልጁ መጀመሪያ እንዲመዘን ወላጅ በፊርማው መፍቀድ አለበት። እኛ ዘንድ ነገሩ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤው ሲደርስ «ልጄን እብድ ሊሉት ነው» ይባልና መሳቢያ ይገባል። ቡዳ ነው የሚልም አይጠፋም።

ደብዳቤውን ለእናታችሁ የምትተረጉሙት እናንተ ናችሁ። «ስፔሻል ኢዱኬሽን»ን «የዘገምተኞች ክፍል» ብላችሁ አትተርጉሙት፤ ልጁ ከክፍሉ ሳይወጣም እርዳታ ሊያገኝ እንደሚችል ንገሯት። ለስብሰባው ደግሞ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነውና ጠይቁ። የ14 ዓመት ልጅ ስለ ወንድሙ እንዲህ ያለውን ነገር ብቻውን መሸከም የለበትም።

መድረሳችንስ? ቁርኣንን እየተንተባተበ፣ እየከበደው የሚቀራ ሰው ሁለት አጅር እንዳለው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። እኛ ግን ፊደል የሚምታታበትን ልጅ «ሰነፍ» ብለን ከኋላ እናስቀምጠዋለን። ኡስታዞቻችንን በአደብ አናግሯቸው፤ እናንተም አጠገቡ ተቀምጣችሁ አንድ አያ አብራችሁት አንብቡ።