ሰው በምን ይሠራል?

ሰውን ለሥራ የሚያነሣሣው ምንድን ነው? ፍርሃት ነው ወይስ ፍቅር? መልሱን ሩቅ ሳንሄድ ከአጅባር ጎረቤት ከመቅደላ እናገኘዋለን።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከደብረ ታቦር አንሥተው፣ በየገደሉ መንገድ እያስጠረጉ፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ መቅደላ አድርሰዋል። ጉዞው ወራት ፈጅቷል። ንጉሡ ግን ተቀምጠው አላዘዙም፤ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋር ይደክሙ ነበር። አለቃው ሲደክም ያየ ሰው እንዴት ቁጭ ይላል?

ይሁን እንጂ ሌላውንም ገጽ እንመልከት። ቅጣታቸው እየከፋ በሄደ ቁጥር ሠራዊታቸው እየከዳ ተመናመነ። መድፉ መቅደላ ደረሰ፤ ብዙው ሰው ግን ቀረ። እንግዲህ ድካምን መካፈል ብቻውን አይበቃም፤ የደከመውን ማክበርም ያስፈልጋል።

የአገራችን ገበሬ ይህን በወንፈል ያውቀዋል። ባለ ማሳው ማጭዱን ይዞ ከፊት ይሰለፋል፤ አብሮት የሚያጭደውን አይሰድብም፤ ነገ ተራው የዚያ ሰው ነውና።

እኛም ነገ በእርሻም ሆነ በመሥሪያ ቤት ሰው የምንመራ ወጣቶች ነን። ከማዘዛችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፤ ዱላውን ብንጥለው ማን ይከተለናል?