የክርስትና አባት የቆመበት ምክንያት

ልጅ በገዛ ቤቱ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በሚጠላው ሰው እጅ አይደለም። የቤት ኪራይ ያስጨነቀው፣ እንቅልፍ ያጣና ዘመድ የራቀው ወላጅ ንዴቱን የሚወጣው አቅም በሌለው ላይ ነው። ይህ ለዱላው ማመካኛ አይሆንም፤ ዱላው ከመነሣቱ በፊት የሚሠራ ሥራ እንዳለ ግን ያመለክታል።

ቅጣትን በመጽሐፍ ለማስደገፍ የሚሻ ሰው የመጽሐፈ ምሳሌን በትር ይጠቅሳል። ጳውሎስ ለኤፌሶንና ለቈላስይስ ሰዎች ሲጽፍ አባቶችን ለይቶ፣ ልጆቻቸውን እንዳያስመርሩ ማዘዙን ግን እምብዛም አያነሣም። በበርበሬ ጢስ ማጠንና በጠጠር ላይ ማንበርከክ ከየትኛውም መጽሐፍ አልተገኘም። የ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576ም በአደራው ያለን ልጅ የሚያንገላታ፣ ችላ የሚል፣ ከአቅሙ በላይ የሚያሠራ ወይም የሚደበድብ በእስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል።

ሕግ ግን በአብዛኛው የሚደርሰው ልጁ ከተጎዳ በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቀድማ አስባበታለች፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ ከወላጅ ሌላ ተጠያቂ ሰው ታቆማለች። ይህ አደራ ዛሬ በብዙ ቤት ወደ ስጦታና ፎቶግራፍ አጥሯል፤ ያሳዝናል። የክርስትና እናት በሥራ ቀን ጎራ ብላ ሕፃኑን ብትይዝ እናቲቱ አንድ ሰዓት ትተኛለች። የክርስትና አባት ደግሞ አልጋ ላይ የሚሸና የአራት ዓመት ልጅ አባቱን ንቆ እንዳልሆነ፣ ሰውነቱ ገና ስላልጠና እንደሆነ ሊያስረዳ ይችላል። ጤፍ ያለቀበት ቤት ሳይለምን የሚደርስለትም እርሱ ሊሆን ይገባዋል።

ዱላን መተው ልጅን መተው አይደለም። ካህኑ ዔሊ የተወቀሰው የልጆቹን በደል እያወቀ ባለመከልከሉ ነው። የደፋውን የሚያስጠርግ፣ የወሰደውን የሚያስመልስ ወላጅ ሳይመታ ይቀጣል።

ከሁሉ የሚረሳው በቤቱ ያለ የሰው ልጅ ነው። ለትምህርት ተብላ ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅ ቀድማ ትነሣለች፣ መጨረሻ ትተኛለች፤ ደብተሯን የሚያይላት የለም። ቡና ለመጠጣት የገባ ጎረቤትም ሆነ ጸበል ሊረጭ የመጣ የነፍስ አባት በስሟ ይጥራት፤ ትምህርት ቤት መዋል አለመዋሏንም ይጠይቃት። ጉዳት ከታየባት ግን ነገሩ ለፖሊስ የሚነገር እንጂ በሽምግልና የሚሸፈን አይደለም።