ሚኤሶ ላይ የተመለሰው ምኞት

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚጓዝ መኪና አዋሽን ተሻግሮ በቆላው ሲጋልብ ቆይቶ ሚኤሶ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ጭሮ ሽቅብ ነው፤ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ይረግባል፣ የጨርጨር ደጋ ጫትና ቡና ብቅ ብቅ ይላል። በ1909 ዓ.ም. ከሐረር ወደ አዲስ አበባ የዘመተው የልጅ ኢያሱ ጦር ወደ ኋላ የተመለሰው እዚችው ሚኤሶ ላይ ነው።

መስከረም 17 ቀን፣ በመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱ አዲስ አበባ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን አወረዱ። አጼ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ወራሻቸው እሱ መሆኑን ሲያሳውጁ ቃላቸውን የሚያፈርሱትን ረግመው ነበር፤ አቡነ ማቴዎስ ግን ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱት። ዋናው ክስ ሃይማኖቱን ለውጧል የሚል ነበር።

ለመሆኑ ይህን ሰው ከበሬታ ያሳጣው የምኞቱ ትልቅነት ነው? አይመስለኝም። አፋሩን፣ ሶማሌውን፣ ሙስሊሙን ኦሮሞ ከቤተ መንግሥቱ ማቀራረብ ፈልጎ ነበር፤ ምኞቱ ከዘመኑ ቀድሞ ነበር ከሚሉት ጋር እስማማለሁ። አርስቶትል የአሳዛኝ ድራማን ባለታሪክ የሚጥለው ክፋቱ ሳይሆን ስሕተቱ ነው ይላል። የኢያሱ ስሕተት መሐላውን እንደ ርስት መቁጠሩ ይመስለኛል። ሐረርንና ኦጋዴንን ሲዞር አዲስ አበባን ረሳት። በ1906 ዓ.ም. አባቱን ራስ ሚካኤልን አነገሠ፤ በ1908 ክረምት ደግሞ ሐረርን ከተፈሪ መኰንን ነጠቀ። ያኮረፈው ሁሉ አንድ ወገን ሆኖ እስኪቆም አላየም።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። «ከበሬታ አጣ» የሚለውን ታሪክ የጻፉት አሸናፊዎቹ ናቸው። ለከተማ ስም የሚያወጡትም እነሱው ናቸው፤ ከሚኤሶ በላይ ያለችውን ከተማ የቆረቆሯት የጨርጨር ገዥ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የደረሱትና የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት። ከተማዋ አሰበ ተፈሪ ተባለች። የአሸናፊው የተፈሪ ስም ካርታ ላይ ወጣ፣ የኢያሱ ስም ከጸሎት ወጣ። ነገር ግን ዛሬ ጽሕፈት ቤቱም ታፔላውም ጭሮ ይላታል። ሥልጣን የሰጠውን ስም ሥልጣን ይወስዳል፤ ስለዚህ የካርታ ስም ስለ ከበሬታ ምንም አይመሰክርም፤ ለኢያሱም ለተፈሪም።

ሌላ ምስክር መፈለግ ግድ ነው። አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሠራዊቱ አልቆበት፣ ባላባቱ ከድቶት ነበር። እስረኞችን ገደል ያስወረወረ ሰው ነው፤ ይህን መሸፈን አይገባም። ሆኖም በመጨረሻ የቀሩትን አሰናብቶ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሱን ገደለ። ያገሬው ሰው ያን ሁሉ ጭካኔ ዐውቆ እንኳ ያከብረዋል። ምኞቱ ከኢያሱ ያነሰ ስለነበረ አይደለም፤ ይበልጥ እንጂ። የመጨረሻውን ዕዳ ግን በገዛ ነፍሱ ከፈለ።

ኢያሱ የከፈለው በሌላ ሰው ነው። ወጣት ሳለ ወደ ግሚራ በዘመተ ጊዜ ብዙ ሰው በባርነት ተነዳ። ያን ጊዜ መኳንንቱ ከበሬታ አልነፈጉትም፤ ክሱ ሲዘጋጅም የግሚራ ሰው እንባ ዋናው ነገር አልነበረም። የእነሱ ከበሬታም ምን ያህል እንደሚመዝን ከዚህ ይታያል! ሚኤሶ ላይ ጦሩ ሲመለስ ኢያሱ ወደ አፋር በረሃ ገባ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ስለ እሱ የተዋጉት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ልጃቸው በጊዜው አልደረሰላቸውም። ድል ሆኑ፣ ተማረኩ፣ በእስር እንዳሉም ሞቱ። እሱም በ1913 ዓ.ም. ተይዞ ፍቼ ታሰረ፤ አምልጦ ዳግመኛ ሲያዝ ወደ ጋራ ሙለታ ተላከ፤ በ1928 ዓ.ም. እዚያው ሐረርጌ ሞተ። ቀና ምኞት ነበረው የምንል ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ስለ ሰገሌ ስንጠየቅ ለልጁ ጠበቃ ለመቆም ያዳግተናል።