ፊልጶስ አስቀድሞ ሰማ
(የሐዋ. ሥራ 8፥26-40)



ፊልጶስ ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ባገኘው ጊዜ ወዲያው ስብከት አልጀመረም። ወደ ሠረገላው ሮጠ፤ ሲያነብ ሰማው፤ ጠየቀው፤ ሲጋብዘውም ከጎኑ ተቀመጠ። ትምህርቱንም የጀመረው ሰውየው በእጁ ከያዘው ከኢሳይያስ መጽሐፍ ነበር። መደበኛ ያልሆነ ትምህርት፣ ያለ ሰሌዳና ያለ ደወል የሚሰጠው፣ ሥርዓቱ ይኸው ነው፦ መቅረብ፣ መስማት፣ መጠየቅ፣ አብሮ መቀመጥ።

እኛ የገለምሶ ወጣቶችስ? ለማስተማር ወደ ገጠር ስንወጣ ኦሮምኛ ተናጋሪውን ገበሬ በአማርኛ እናናግረዋለን፤ ዝም ሲል «አይገባውም» እንላለን። ያልገባንስ እኛ ነን! ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እንኳ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል። ኦነሲሞስ ነሲብም በአስቴር ጋኖ እርዳታ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ በ1899 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ታዲያ የእኛ ምክንያት ምንድን ነው?

ስለዚህ ለአስተማሪነት የምትሠለጥኑ ሁሉ፣ አስቀድማችሁ ተማሪ ሁኑ። ቡና የሚለቅመውን፣ ማሽላ የሚያጭደውን ስለ ሥራው ጠይቁት፤ ቋንቋውን ከአፉ ተማሩ። እምነቱ ከእምነታችን ቢለይም በደጁ እንግዶች መሆናችንን አንርሳ። ትምህርቱ እርሱ ከሚያውቀው ይጀምር።

ፊልጶስ ከአጠገቡ ቢወሰድም ጃንደረባው በደስታ ጉዞውን ቀጠለ። መልካም አስተማሪ ሰው ያለ እርሱ መሄድ እንዲችል ያደርጋልና።

ጌታ ጆሮአችንን ይክፈት። አሜን።